የአማቴ ጸሎት ሂርና ገባ

አማቴ ጎረቤታችንን በጠሉባቸው ወራት እኔ እንደ ሰው ኖርኩ። ይህን ስል ማፈር ነበረብኝ፤ ግን አላፍርም። ከቦርደዴ ተድሬ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የአማቴ ዓይን ከላዬ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ወጥ ሳማስል፣ ስኒ ሳጥብ፣ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ሳይቀር ከኋላዬ ቆመው ሲተነፍሱ እሰማቸዋለሁ። ምንም አይሉም። ምነው ቢሉ! ብቻ «እህ» ይላሉ፤ በዚያች «እህ» ውስጥ የእኔ አለመርባት፣ የወጡ መቅጠን፣ የልጃቸው መክሳት፣ ሁሉም ይገባል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለልጃቸው ሌላ ሙሽራ አይተውለት ነበር፤ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩ ሰዎች ቤት የወጣች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን። እሱ ግን ከመምህራን ማሠልጠኛ እኔን ይዞ መጣ። እኔ ስስቅ አፌን አልሸፍንም። ሳወራም እጮኻለሁ፤ ቦርደዴ ላይ ከንፋሱ በላይ ካልተናገሩ የሚሰማ የለም። ባሌን መንግሥት ቦኬ መደበው። ወር በሞላ ቁጥር በጭነት መኪና እህል ላይ ተቀምጦ ይመጣና፣ ሁለታችንም ጨዋ መስለን አይቶን ይመለሳል። የቀረውን ጊዜ እኔና አማቴ በአንድ ጣሪያ ሥር ተፋጠን እንከርማለን።

ከዚህ ኑሮ የገላገለችኝ ጎረቤታችን ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

ጎረቤታችን ከቅንጭቡ አጥር ማዶ ከአንድ ልጇ ጋር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዕድሜዋ ከአማቴ አያንስም፤ ግን አንቱ ያላት ሰው ወዮለት። «ምን በድዬህ ነው የምታስረጀኝ?» ትላለች። ስለዚህ አማቴን በአንቱታ፣ እሷን በአንቺታ ነው የማነሣቸው፤ ለእናንተም ለመለየት ይመቻችኋል። ሁለቱ የዕድሜ ልክ ወዳጆች ነበሩ። በአጥሩ መካከል ሽንቁር ነበራቸው፤ እሳት፣ ጨው፣ ወሬ በዚያ በኩል ያልፋል።

የቀበሌ ስብሰባ ያኔ በደርግ ዘመን እሑድ ጠዋት ነበር። ለምን እሑድ ጠዋት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠይቅ ግን የለም። አማቴ ቅዳሴውንም ስብሰባውንም ለማድረስ ሲሉ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ። ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ሰግደው፣ ከዚያ ነጠላቸውን እያጣፉ ስም ጥሪው ላይ ይደርሳሉ። የቀረ ሰው የስኳር ራሽኑ ይቀርበታል። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ግን አብዮቱ የት እንደደረሰ ሰምተው አያውቁም። እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

በዚያ እሑድ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባለው ነገር ተያዘ። ሊቀ መንበሩ፣ አማቴ በልጅነቱ አፍንጫውን የጠረጉለት ወጣት፣ «እስካሁን ሂስ ያልሰጠ ማነው?» ብሎ ዓይኑን በየወንበሩ አንከራተተ። ነቅተው ካሉት ያልሰጠችው ጎረቤታችን ብቻ ነበረች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፤ በቀኟ በኩል አማቴ ነበሩ።

«እኔ ሂስ አለኝ» አለች። «እዚህ ያሉት ጓዲት በስብሰባ ሰዓት ያንኮራፋሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ «ጓዲት! ሂሱን ይቀበላሉ?» አለ። አንዲት ሴት አማቴን በክርን ጎሸም አደረገቻቸው። እሳቸውም ብድግ ብለው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በጠራ የቅዳሴ ድምፅ «ምስለ መንፈስከ!» አሉ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ሣቄን አፌን ሳልሸፍን ነው የሣቅኩት። ሊቀ መንበሩ ራሱ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሲረጋጋ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ አዘዛቸው። አማቴ ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ቀጥ ብለው ቆመው፣ «ማንኮራፋቴን እኔ በምን አውቃለሁ? ተኝቼ ነበር» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ አውቶቡስ ተራ የሚቆሙት ጎረምሶች አማቴ ባለፉ ቁጥር «ምስለ መንፈስከ» ማለት ጀመሩ።

ቂሙ የተጀመረው ያን ዕለት ነው። አማቴ ቤት ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የአጥሩን ሽንቁር በእሾህ መድፈን ነበር። ጎረቤታችን በማግስቱ እንደ ወትሮዋ እሳት ልትጭር መጥታ እሾኹን አገኘች፤ እሷም አኮረፈች። ሁለት ሴቶች እንደዚያ ሲኳረፉ አይቼ አላውቅም። አማቴ ለዶሮዋ እንኳን ፊት ነሧት። የጎረቤታችን ዶሮ ወደ ግቢያችን ስትገባ «ሂጂ፣ እዚያው ሂስሽን ስጪ» ብለው ያባርሯታል። የሚገርመው ግን እኔ ነኝ። ወጡን ባሳርረው ዝም። ስኒ ብሰብር ዝም። አማቴ ቀኑን ሙሉ አጥሩ አጠገብ ቆመው ማዶ ያለውን ድምፅ ያዳምጣሉ እንጂ ከኋላዬ መተንፈሱን ረሱት። እኔም ቦርደዴ እንዳለሁ ሁሉ ጮክ ብዬ መዝፈን ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አማቴ በዚህ ዓለም የቀራቸው አንድ ምኞት መቁረብ ነበር። ስለ ሌላው ሁሉ በቀልድ ሊመልሱ ይችላሉ፤ ይህን ሲያነሡ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። «ሥጋ ወደሙን ሳልቀበል ብሞት ባሌን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይላሉ። ነጩን ቀሚሳቸውን አሠፍተው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ፀሐይ ባለበት ቀን አውጥተው ያናፍሱታል፤ እኔን ግን አያስነኩኝም።

ከጥምቀት በኋላ የነፍስ አባታችን ቤታችን መጡ። ቀጭን፣ ኮስታራ የሚመስሉ፣ ሳቃቸውን በሳል የሚደብቁ ቄስ ናቸው። አማቴ የመቁረቡን ነገር አነሡ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ጥያለሁ።

«ከሰው ጋር ተጣልተሽ የለም ወይ?» አሏቸው።

«አልተጣላሁም አባቴ።»

«ከማዶዋስ?»

«ዓይኗን ላለማየት ነው እንጂ ጠብ የለንም።»

«ትጸልዪላታለሽ?»

«በየቀኑ!»

«ምን እያልሽ?»

አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «‹አንተው አንድ በላት› እያልኩ።»

ቄሱ ረጅም ሳል ሳሉ። ከዚያ «ይኼ ክስ ነው እንጂ ጸሎት አይደለም» አሉ። ቀኖናውም ቀላል መሰለኝ፦ ስግደት የለው፣ ተጨማሪ ጾም የለው። በየማለዳው ለጎረቤታቸው በክርስትና ስሟ እየጠሩ በጎ በጎውን እንዲለምኑላት ብቻ ነው። «ሌላ ነገር ቢሰጡኝ ምን ነበረበት» ሲሉ አማቴን ሰማኋቸው፤ «ብሰግድ ይሻለኝ ነበር።»

«እሱንማ መች አጣሁት» አሉ ቄሱ።

«ክርስትና ስሟን ደግሞ አላውቀውም። እርስዎ ያውቁታል፤ የንስሐ ልጅዎ ናት።»

«የሰው ክርስትና ስም ከአፌ አይወጣም። ጠይቂያት።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም እንዲህ በቀላሉ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ስም ነው የምታውቅህ፤ ክፉ ደብተራም ሊደግምብህ ሲፈልግ የሚይዘው ያንኑ ስም ነው፣ ከእናትህ ስም ጋር። ስለዚህ ሰው ስሙን ለካህኑ ይነግርና ለጎረቤቱ ይደብቃል። በአንድ ሽንቁር ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳት የተጫጫሩ ሁለት ሴቶች አንዷ የአንዷን ክርስትና ስም ባያውቁ የሚደንቅ አይደለም። ተጣልተው እያለ መጠየቅማ ጭራሽ።

አማቴ እኔን ላኩኝ። እኔ ደግሞ፣ ዕርቁ ለእኔ እንደማይበጀኝ ልቤ ስለሚያውቅ፣ ሥራውን ለሌላ አስተላለፍኩ። ፊት ለፊታችን ከሂርና ጫት እያስመጣች የምትሸጥ ሙስሊም ወዳጃችን አለች፤ ለሁለቱም ቅርብ ናት። ቢበላሽም እሷ ታበላሸው ብዬ ነው።

«ያ ኢንታላ» አለችኝ፣ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው፤ «ስም ለመጠየቅ እኔን ትልኪያለሽ? ስሟን ታውቂ የለ?»

«ያኛውን አይደለም፤ የክርስትና ስሟን ነው።»

«ሁለት ስም አላችሁ?»

«አዎ።»

«ሁለተኛውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እንደብቀዋለን።»

«ማሊፍ? ለምን? ወላሂ የእናንተ ነገር! ሰው ካልጠራበት ስም ምን ይሠራል?» አለችና ጫቷን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ተነሣች።

የሆነውን በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ጎረቤታችን ጥያቄውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «ስሜን? እሷ ስሜን? የእናቴንስ ስም አልጠየቀችም?» አለች። ወዳጃችን፣ እግዚአብሔር ቅንነቷን ይይላትና፣ የተላከችውን ሥራ አሟልታ መመለስ ፈለገች፤ «እሱንም ካለሽ ጨምሪበት» አለቻት።

ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ጎረቤታችን አማቴ ሊያስደግሙባት እንደሆነ ቁርጥ አድርጋ አመነች። ባሌም ቦኬ የተመደበው ለዚሁ ነው ተባለ፤ ቦኬ አንድ ደብተራ አለ ሲባል ሰምታለች። ባሌ የሒሳብ መምህር ነው። ከደብተራ ጋር ያገናኘው ነገር ቢኖር አንዴ በአንድ መኪና እህል ላይ ተቀምጠው መጓዛቸው ነው። ቢሆንም ጎረቤታችን አጥሯን ዙሪያውን ጠበል ረጨችው፤ ዶሮዋን ሳይቀር ረጨቻት። የሚገርመው ግን ስሙን መላኳ ነው። ከነእናቷ ስም። ወዳጃችን እንዳትረሳው ከማዶ በር እስከ እኛ በር ጮክ ብላ እየደጋገመች መጣች፤ ሠፈሩ በሙሉ ሰማው።

የአማቴን ክፍልና የእኔን የሚለየው ጋዜጣ የተለጠፈበት ሳንቃ ነው። ማለዳ ማለዳ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ጸሎታቸውን እሰማለሁ። ሁዳዴ በገባ ሰሞን ስሙን የሚጠሩት ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ነበር። ስሙ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ «ለእሷም እንግዲህ... አንተ ታውቃለህ» ብለው ቶሎ ያልፋሉ። ይህን ቄሱ አልተቀበሉትም። «በጎውን ስጣት ማለት ምን ማለት ነው? ምን እንደጎደላት እወቂና ያንን ለምኚላት» አሏቸው። አማቴ ስሙንም ነገሯቸው፤ ለማን እንደሚጸልዩ። ቄሱ ስሙን ሁለቴ አስነገሯቸው። ከዚያ ሳሉ። «በርቺ። እንዳታቋርጪ» ብለው ሄዱ።

አማቴ እንደገና አጥሩ ሥር መቆም ጀመሩ፤ አሁን ግን ጎረቤታቸው የጎደላትን ፍለጋ ነው። ከማዶ «ወይ ጉልበቴ!» የሚል ሲሰሙ በማግስቱ ማለዳ ጉልበቷን ይለምኑላታል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከማዶ የድስትና የጣሳ ድምፅ ከመጣ ጣሪያዋን ይለምኑላታል። «ጌታዬ፣ ያን ጣሪያ አንድ በለው» ሲሉ ሰምቼ በብርድ ልብሴ አፌን ያዝኩ፤ «አንድ በላት» የምትለዋ ልማድ አልለቀቀቻቸውም፣ ወደ ጣሪያው ዞረች እንጂ። ሰው ለተቀየመው ጎረቤቱ ጣሪያ ሲማልድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን እየሰማሁ ስስቅ ነገሩ ሲለወጥ ሳላየው ቀረሁ። አንድ ቀን የሽንቁሩ እሾህ በእጅ ስፋት ያህል ተነሥቶ አገኘሁት። «ለዶሮዋ ብዬ ነው» አሉ ሳልጠይቃቸው። ሌላ ቀን ወጡ ሲያርርብኝ ከኋላዬ ያ ትንፋሽ ተሰማኝ። «እህ» አሉ። ቂሙ እየሳሳ ሲሄድ ዓይናቸው ወደ እኔ መመለሱ ነው።

እሳቱን ላራግብ ሞከርኩ። «እማማ፣ ዛሬም ስለ እርስዎ ቀበሌ ላይ ሳታወራ አትቀርም» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«ተዪያት» አሉኝ። «ጉልበቷን አሟታል።»

ፋሲካ ሰሞን ጎረቤታችን ቤት እንግዳ መጣ። የሟች ባሏ እህት ናት፣ ሂርና የምትኖር። ይህች ሴት በወንድሟ ተዝካር ላይ ቁጭ ብላ ወጡ ቀጠነ ያለች በመሆኗ ጎረቤታችን ስሟ ሲነሣ ይንገሸግሻታል። ከዚያ ወዲያ ጉልበቷን ታማ አልጋ ላይ ውላለች ሲባል ነበር የምንሰማው። አሁን ከአውቶቡሱ በእግሯ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ጫት ነጋዴዋ ወዳጃችን ሂርና ሲወራ የሰማችውን አመጣችልን፦ ሴትየዋ ተነሥታለች፣ ቤቷንም ቆርቆሮ አልብሳለች። አንዳንዱ ከድሬዳዋ የመጣ ሐኪም መርፌ ወግቷት ነው ይላል፤ እኔ ሐኪሙንም አላየሁት፣ መርፌውንም። ያየሁት በአጥሩ ሽንቁር ነው። እንግዳዋ ግቢው መሀል ቆማ ወጡ ቀጠነ ስትል፣ ጎረቤታችን በርጩማ ላይ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣ የሴትየዋን እግሮች ታያለች። የራሷን ዕቃ ሰው ቤት ያገኘች ሴት ነበር የምትመስለው። እኔና አማቴ ምኑም አልገባንም።

ክረምቱ ሲቃረብ የጎረቤታችንን ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ስለዚህ ቀልድ የለኝም። ሌሎችም ብዙ ተወስደዋል፤ የሁሉም እናቶች መኪናው እስኪታጠፍ ቆመው ነበር። ስለ ልጁ የምትጨነቁ ከሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ጦርነቱ ሲያበቃ ተመልሷል፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሁለት እግሩ። ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሰሜን የሄደ ልጅ ደብዳቤ አይልክም ነበር።

ልጁ በተወሰደ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤታችን መጣች። በሽንቁሩ አይደለም፤ በበሩ። አማቴ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«የሰጠሁሽ ስም የእኔ አይደለም» አለች።

አማቴ ቀና አላሉም። «የማን ነው?»

«የሂርናዋ። የባሌ እህት።»

የአማቴ እጅ ምስሩ ውስጥ ቆመ። «ሁዳዴን ሙሉ?»

«ሁዳዴን ሙሉ።»

«ጉልበቱስ?»

«የእሷ ዳነ።»

«ጣሪያውስ?»

«ቆርቆሮ አለበሰችው።»

እኔ ሣቅኩ፤ አልቻልኩም። ከእኔ በቀር የሣቀ ግን አልነበረም። የአማቴ ጆሮ ጫፍ ሲቀላ አየሁ። «የማላውቃት ሴት ጣሪያ ላይ ነው እንዴ ስንከራተት የከረምኩት!» አሉ። ሰፌዱ ተነሥቶ እስኪወረወር ጠበቅኩ። ደስም ሊለኝ ነበር፤ ቂሙ ሊመለስ ነዋ፣ እኔም ላርፍ።

«ልታስደግሚብኝ መስሎኝ ነው» አለች ጎረቤታችን። «ድግምቱ ለእሷ እንዲደርሳት ብዬ ነው ስሟን የሰጠሁሽ። ጸሎት መሆኑን ያወቅኩት እግሯን ሳይ ነው። ያኔም ለመምጣት ኮራሁ።» ከዚያ የበሩን መቃን ያዘች። «አሁን ግን ልጄን ወሰዱት።»

ጎረቤታችን በዚያ በታመመ ጉልበቷ እየተንገዳገደች መጥታ አማቴ ጆሮ ሥር አጎነበሰች። የልጇን የክርስትና ስም ነገረቻቸው። ከነእናቱ ስም። እናቱ ደግሞ እሷው ናት። ክረምት ከበጋ የደበቀችውን፣ አጥሯን ጠበል ያስረጫትን፣ የባሏን እህት ስም በምትኩ ያሰጣትን ስም በራሷ አፍ አወጣችው። እኔ አልሰማሁትም፤ ትንፋሿን ብቻ ነው የሰማሁት።

አማቴ አላቀፏትም። እንባም አልነበረም። ሰፌዱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ተቀመጪ» አሏት። «ልቀሚልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

ትንሽ ቆይተው፣ «ለመሆኑ ያን ቀን አንኮራፍቼ ነበር?» አሏት።

«የአርበረከቴን ዳገት እንደሚወጣ ጭነት መኪና።»

«ታዲያ ምነው እዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ምን ልበል?» አለች ጎረቤታችን፣ ከምስሩ ጠጠር እየለቀመች። «ሁሉም ተናግሮ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሌላ የማውቅብሽ ክፉ ነገር የለም።»

አማቴ መሣቅ ጀመሩ። ሲሥቁ አፋቸውን እንደማይሸፍኑ ያኔ ነው ያየሁት።

በማግስቱ ቄሱን ሊከሷቸው ሄዱ። «አባቴ፣ ስሙ የእሷ አለመሆኑን ያውቁ ነበር!»

«የሰው ስም ከአፌ አይወጣም ብዬሽ የለም?»

«እኔ ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለማን ደከምኩ?»

«ሽንቁሩን የከፈተው ማነው?» አሏቸው ቄሱ፣ ሳላቸውን እየዋጡ። «የሂርናዋ ናት?»

ፍልሰታ ሲፈታ አማቴ ቆረቡ። ነጩን ቀሚስ ከሣጥኑ ራሴ አወጣሁላቸው፤ አልከለከሉኝም። የጎረቤታችን ጉልበት መቼም አልዳነም። ጣሪያዋም ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሞ ኋላ ባሌ ቦኬ ካሉ ጓደኞቹ ጋር መጥቶ ደፈነላት። ለሂርናዋ የደረሰው ጸሎት ለምን ለእሷ እንዳልደረሰ እኔ አላውቅም፤ ቄሱም አላውቅም ብለውኛል። ያን ዕለት ግን የአማቴን ክንድ ተደግፋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። አማቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ እንደ ቆራቢ ወግ፣ ምንም ሳይናገሩ ዋሉ። ያለ አንዲት «እህ» የዋልኩበት ቀን ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሳንቃው ማዶ ጸሎት ተጀመረ። ባላቸውን አነሡ፤ ልጃቸውን አነሡ። የጎረቤታችንን ልጅ ከነእናቱ አነሡ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ እንጂ አልቆመም። ከዚያ የሂርናዋን አነሡ። እሷንም አልተዋትም፤ ስሟን አፋቸው ለምዶታል። ያለቀ መስሎኝ ልተኛ ስል፣

«አንቺ» አሉ በሳንቃው። «ነቅተሻል?»

«አዎ እማማ።»

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

ከአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ ደግሞ እሳቸው የሰው ስም ሲፈልጉ ለምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ለመቀለድ ሞከርኩ። «ምነው እማማ፣ እኔም ከተቀየሟቸው ተቆጠርኩ?»

ወደ ሳንቃው ጠጋ ሲሉ ሰማኋቸው።

«ነበርሽ» አሉ።

በጎረቤታችን ፍርሃት ስንት ወር የሣቅኩት እኔ፣ አሁን ተራው የራሴ ሆነ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ። ከውጭ የጎረቤታችን ዶሮ በሽንቁሩ እየገባች ስትንጫጫ ይሰማኛል። ጮክ ብዬ የማወራ የቆላ ሰው በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«የእናትሽስ?» አሉ።

የእናቴንም ነገርኳቸው።